እስኪሻልዎ ድረስ

ሰውየውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው መሮ መዳፋቸውን ቆርጧቸው የመጡ ዕለት ነው። ያኔ ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር፣ በአንድ ትንሽ ክሊኒክ ነርስ ሆኜ እሠራ ነበር። ክሊኒኩ ዛሬ የለም፤ ቤቱን የሞባይል ዕቃ ነጋዴዎች ተከራይተውታል። እሳቸው የመጡት ከከተማው ወጣ ካለችው ከሸቤ ነው። በርጩማ ጠራቢ ናቸው፤ ያለ ምስማር፣ ያለ ሙጫ፣ እግሩም መቀመጫውም ከአንድ ግንድ የሚወጣውን የአገራችንን በርጩማ የሚሠሩ። ቁስሉን ሳጥብላቸው ስለ ሕመሙ አንድም ቃል አልተናገሩም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ጣቶቼ ይሠራሉ አይደል፣ ልጄ?»

አንድ በአንድ አንቀሳቅሰው አሳዩኝ። ሁሉም ይሠሩ ነበር።

በዚያው ደም ግፊታቸውን ለካሁ። ከፍ ብሏል። ሕመሙና ድንጋጤው ይሆናል ብዬ ፋሻ ሊቀየርላቸው በመጡ ቁጥር እየደጋገምኩ ለካሁ። ቁስሉ ደረቀ፣ ግፊቱ ግን አልወረደም። ሲነሡ ማጅራታቸውን ጨምድዶ እንደሚይዛቸው ነገሩኝ። ፋሻውን ስጠቀልል ስለ ባለቤታቸውም አወሩኝ። ባለፈው ዓመት ነው የሞቱባቸው። «ሐኪሞቹ ብዙ ተናገሩ፤ እኔ የያዝኩት ነገር የለም። አስከሬኗን ይዤ ስመለስ እንኳ ምን እንደገደላት አላውቅም ነበር» አሉኝ። ይህን የነገሩት ለእኔ ነው። እየሰማሁ ነበር፣ ራሴንም እየነቀነቅሁ።

ዶክተራችን ከሰሜን የመጣ ጎበዝ ወጣት ነበር፤ ኦሮምኛ አይችልም። ከሸቤና ከአካባቢው የሚመጡት ሕመምተኞች አብዛኞቹ አማርኛ አይሰሙም። የሚሰሙትም ቢሆኑ ሲያማቸው አፋቸውን በፈቱበት ቋንቋ ነው የሚያቃስቱት። ስለዚህ የቀኔ ብዙው ክፍል የሚያልቀው በመቅጠሪያ ደብዳቤዬ ላይ ባልተጻፈ ሥራ ነበር። እተረጉም ነበር።

መተርጎም የተማርኩት ከእናቴ ሱቅ ነው። እናቴ እዚያው ሄርማታ ገበያው ዳር ጨርቅ ትሸጥ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በእሷና በገጠር ሴቶች መካከል ቆሜ ወዲያና ወዲህ እናገራለሁ። አንዷ «ይህ ጨርቅ አንድ ጊዜ ሲታጠብ ይነጣል፣ ሌባ ናት እናትሽ» ብትል፣ እኔ ለእናቴ «ቀለሙ ይለቃል ወይ ነው የምትለው» እላለሁ። እናቴ ተናድዳ የመለሰችውንም እንዲሁ አለስልሼ አደርሳለሁ። ሁለቱም ፈገግ ብለው ይለያያሉ። «አንቺ ልጅ አንደበትሽ ማር ነው» ይሉኛል፤ ደስ ይለኝ ነበር። ከነርስ ትምህርት ቤቱ የምረቃ ካባ ይልቅ ያ ምስጋና ነው ነርስ ያደረገኝ ብዬ አስብ ነበር። ሰው ፊቱ ሲፈታ ማየት እወድ ነበር።

ሰውየው ዶክተሩ ዘንድ የገቡት ዓርብ ነው። ውጭ ወንበሩ ሞልቶ ቆመው የሚጠብቁ ነበሩ፤ የጁምዓ ሰዓትም እየደረሰ ነበር። ዶክተሩ ካርዱን አየ፣ ራሱም አንድ ጊዜ ለካ፣ ልባቸውን አዳመጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ንገሪያቸው። ያለባቸው የደም ግፊት ነው። እንደ ወባ ታክሞ የሚጠፋ አይደለም፤ በመድኃኒት ተቆጣጥረው አብረውት የሚኖሩት ነው። ኪኒኑን በየቀኑ፣ ዕድሜ ልካቸውን ነው የሚወስዱት። ተሻለኝ ብለው እንዳያቆሙ። ይሄ በሽታ ብዙ ጊዜ አይሰማም፤ አልተሰማም ማለት ግን ለቀቀ ማለት አይደለም። ካቆሙ ጭንቅላታቸው ውስጥ የደም ሥር ሊዘጋ ወይም ሊፈነዳ ይችላል፣ ሽባ ሊሆኑ ይችላሉ። ጨውም ይቀንሱ።»

ሲናገር ሰውየው ያዩ የነበረው የእሱን ፊት ነው። የዶክተሩ ፊት ደግሞ ሲያስረዳ ይኮሳተራል፤ ቁጣ ሳይሆን ልማድ ነው። አፌን ሳልከፍት ክንዴን ያዙኝ።

«ምን አለ? ልሞት ነው?»

እኔም እንዲህ አልኳቸው፣ በኦሮምኛ፣ በዚያ ማር በተባለው አንደበቴ፦ «ኧረ አይዞዎት አባ። ደምዎ ትንሽ ከፍ ብሏል እንጂ ሌላ ነገር የለም። ይህችን ኪኒን እስኪሻልዎ ድረስ በየቀኑ ይዋጧት። ጨውም ቀነስ ያድርጉ።»

ይኸው ነው። የዶክተሩ ረጅም ንግግር በእኔ አፍ ይህችን ታክል ሆነ።

ፊታቸው ተፈታ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

«ነገርሻቸው?» አለኝ ዶክተሩ።

«ነግሬያቸዋለሁ።»

«ገብቷቸዋል?»

«ገባዎት?» አልኳቸው።

«ኤዬ፣ ገባኝ» አሉ። ዶክተሩ ካርዱ ላይ ምክር እንደተሰጣቸው ጽፎ ፈረመ፣ ቀጣዩንም አስጠራ።

ስንት ጊዜ ለራሴ ምክንያት ፈልጌያለሁ። ወረፋው ብዙ ነበር፤ እውነት ነው። ጁምዓ እየደረሰባቸው ነበር፤ እሱም እውነት ነው። ደንግጠው ነበር። ግን «ዕድሜ ልክ» ለሚለው የኦሮምኛ ቃል አልጠፋኝም። ምላሴ ላይ ነበር። ቃሉን ዋጥኩትና ሌላ ቃል ተካሁበት፤ ያኔ ያስጨነቀኝ የደም ሥራቸው ሳይሆን የፊታቸው መጨማደድ ነበር።

ሁለት ወር ያህል ቆይተው አንድ ቀን ጠዋት ተመልሰው መጡ። ካርድ አላወጡም፣ ወረፋም አልያዙም። በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ነገር ተሸክመው ኮሪደሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሲፈቱት በርጩማ ነው። አዲስ፣ የተወለወለ፣ መቀመጫው እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ። ዙሪያውን ሐረግ ጠርበውበታል።

«የአንቺ ነው» አሉ። «ማጅራቴ ለቆኛል። እንቅልፌም ተመልሷል። ኪኒኑንም ካቆምኩ ቆየሁ፤ እንዳልሽው።»

እንዳልሽው አሉኝ።

በአንድ እጄ የመርፌ ትሪ ይዣለሁ፣ በሌላው በርጩማውን። የሥራ ባልደረቦቼ ከበው ያያሉ፣ ያደንቃሉ። አንዷ «ምን አድርገሽላቸው ነው?» ትላለች። ምን እንዳደረግሁ ያኔውኑ ገብቶኛል። አልረሳውም። እዚያው ላይ «አይ አባ፣ ተሳስቼ ነው የነገርኩዎት፣ መድኃኒቱ አይቆምም» ማለት ነበረብኝ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ግን ያን ለማለት ያን ዕለት ዶክተሩ ያለውን አለመንገሬን ማመን አለብኝ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በርጩማቸውን አቅፌ።

«ለማንኛውም አንድ ቀን ብቅ ይበሉና ልለካዎት» አልኳቸው።

«ኢንሻአላህ» አሉና ሚኒባሱ እንዳያመልጣቸው ተጣድፈው ወጡ። በመስኮት አየኋቸው። መንገዱን ሲሻገሩ እንደ ጎረምሳ ፈጠን ፈጠን ይሉ ነበር። ብጠራቸው ይሰሙኝ ነበር።

በርጩማውን ኪቶ ፉርዲሳ ሰፈር ወደተከራየኋት ክፍል ወሰድኩ። ያን ዕለት ራቴን የበላሁት እሱ ላይ ተቀምጬ ነው። ይመች ነበር። በነጋታው ልደውል አሰብኩ፤ ካርዱ ላይ ስልክ አልነበረም። ከሸቤ የሚመጣ ሰው ሳገኝ መልእክት እልካለሁ አልኩ። ከሸቤ የሚመጣ ሰው በየቀኑ ነበር። እየዋለ ሲያድር ረሳሁት።

ሰውየው ተመልሰው የመጡት ቡና በሚለቀምበት ወራት ነው። ቡና በጫነች ፒክአፕ፣ በጆንያዎቹ መካከል አስተኝተው፣ ልጃቸው ጭንቅላታቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ቀኝ እጃቸው ከጆንያው ላይ ተንጠልጥሎ፣ መኪናው ሲቆም እንኳ አልተሰበሰበም። የሸቤ ሰዎች በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ወስደዋቸው ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ልጅቱ ግን «እዚህ የሚያውቁን አሉ» ብላ ነው እኛ ጋ ያመጣቻቸው።

ዶክተሩ እየሮጠ ወጣ። ለካ፣ ዓይናቸውን አየ፣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መላኪያ መጻፍ ጀመረ። እየጻፈ «መድኃኒታቸውን ይወስዱ ነበር?» አለ። ልጅቱን ጠየቅኋት።

«ከተሻለው ቆየ እኮ፣ ትቶታል» አለች።

ተረጎምኩለት። ዶክተሩ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ጣለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሕመምተኛው የእሱ ስለነበሩ ነው የተቆጣው።

«ንገሪያት! እንዳያቆሙ አስጠንቅቀናቸዋል። ካርዱ ላይ ተጽፏል። ለምንድን ነው የማይሰሙን? ይሄ መምጣት ያልነበረበት ነገር ነው። በራሳቸው ላይ ነው ያመጡት። ንገሪያት!»

ልጅቱ ዓይኔን ታያለች። አባቷ ቃሬዛው ላይ ናቸው፤ ይሰሙ እንደሁ አይሰሙ አላውቅም። እኔም ተረጎምኩላት። በሕይወቴ አንድም ቃል ሳልቀንስ፣ ሳላለሰልስ የተረጎምኩት የመጀመሪያው ንግግር ያ ነው። አስጠንቅቀናቸዋል፣ አልሰሙንም፣ በራሳቸው ላይ ነው ያመጡት፤ ሁሉንም አልኳት።

ልጅቱ ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ በእጇ ዓይኗን ጠርጋ «አፉ በሉን። አላወቀም። ሽማግሌ ነው፣ ዘንግቶት ይሆናል። ዶክተሩን ይቅር በለን በይልኝ» አለችኝ። እሱንም ተረጎምኩ።

ሆስፒታል ሳሉ አልጠየቅኋቸውም። ከክሊኒኩ በእግር የሚኬድ መንገድ ነው። ባልደረቦቼ ብርቱካን ገዝተው ሲሄዱ ራሴን አመመኝ አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ሥራ ሲያልቅ ዶክተሩ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁና ነገርኩት። ያን ዓርብ ምን እንዳልኩ፣ በርጩማውን ሲያመጡ ምን እንዳሉኝ፣ ምን ብዬ ዝም እንዳልኩ።

ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም።

«ለስንቱ ነው እንዲህ የተረጎምሽልኝ?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ለራሴ ጠይቄው አላውቅም ነበር። የስኳር ሕመምተኞቹ፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው፣ የአስም፣ የልብ፤ ፊታቸው በዓይኔ ላይ ተደረደረ። አብዛኞቹ እየሣቁ የወጡ ናቸው።

«አላውቅም» አልኩት።

አላባረረኝም። «እኔም ያልሰማሁትን ነገር እየፈረምኩ ነው የኖርኩት» አለ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት ከሰዓት ካርዶቹን እያወጣን ስልክ ላላቸው መደወል ጀመርን። አንዱ የስኳር ሕመምተኛ፣ ስንደውልላቸው ተቆጥተው፣ «እኔ ቡናዬን በጨው ነው የምጠጣው፤ ስኳር ቤቴ ገብቶ አያውቅም። ምኑን ነው የማቆመው?» አሉን። እኔ ነበርኩ በኦሮምኛ «የስኳር በሽታ ነው፣ ጣፋጭ ይተዉ» ብዬ የሸኘኋቸው፣ ሌላ ሳልጨምር። መድኃኒት ያቆሙ ነበሩ፣ ያላቆሙ ነበሩ። የሁለት ሕመምተኞችን ስልክ ያነሱት ልጆቻቸው ናቸው፤ ሕመምተኞቹ ሁለቱም አርፈዋል። በምን እንደሞቱ አልጠየቅንም፤ ዶክተሩ ስልኩን ዘግቶ የሚቀጥለውን ካርድ አወጣ።

ሸቤ የሄድኩት እሳቸው ከሆስፒታል ወጥተው ቤት ከገቡ በኋላ ነው። በርጩማውን ይዤ ነው የሄድኩት፤ ልመልሰው። ልጅቱ ደጅ ላይ አልጋ መሰል የቡና ማስጫ አጠገብ ቆማ ቡናውን በእጇ ታገላብጣለች። ጓሮው ውስጥ ያልተጠረቡ ግንዶች ተከምረው ዝናብ መትቷቸዋል። እጄን ስማ ልታስገባኝ ስትል «መጀመሪያ እዚሁ ልንገርሽ» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት። ዶክተሩ የተናገረውን፣ እኔ ያልኩትን። አባቷ አልዘነጉም፣ የነገርኳቸውን ነው ያደረጉት አልኳት። ያን ቀን ቃሬዛው አጠገብ ዶክተሩ በአባቷ ላይ የተናገረውን ስተረጉምም ጥፋቱ የእኔ መሆኑን እያወቅሁ እንደነበር ነገርኳት።

ቡናውን ማገላበጧን አላቆመችም። ጭራሮውን፣ ቅጠሉን እየለቀመች ትጥላለች።

«ለእሱ ነግረሽዋል?»

«ልነግራቸው ነው የመጣሁት።»

«እንዳትነግሪው» አለች። ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ደረቅ ነበር። «ኪኒኑን አልውጥም ይለኛል። ዶክተሩን ይፈራዋል፣ እኔን ልጅ ናት ብሎ ይንቀኛል። ነርሷ ናት ያለችው ስለው ነው አፉን የሚከፍተው። አንቺን ማመኑን ከተወ ማንንም አያምንም። ስለዚህ አትነግሪውም። አንቺ እንዲቀልልሽ ብለሽ አባቴን አትገድይም።»

በርጩማውን ዘረጋሁላት። አልተቀበለችም።

«ለአንቺ ነው የጠረበው፤ የመጨረሻው ነው። ወስደሽ ተቀመጪበት» አለችኝ።

ገባሁ። ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ሲያዩኝ በግራ እጃቸው እጄን ያዙ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ምላሳቸው ይተሳሰርባቸው ነበር፣ ግን «ኢንተላ ኮ»፣ ልጄ፣ ማለታቸውን ሰማሁ። ከዚያ መመረቅ ጀመሩ። ቃሉን በሙሉ አልለየሁትም። ልጅቱ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። አባቷ ምርቃታቸውን ገታ ባደረጉ ቁጥር «አሚን» ማለት ነበረብኝ፤ አልኩም።

ግፊታቸውን ለክቼ ስጨርስ ያን ዓርብ መናገር የነበረብኝን ነገርኳቸው፤ አዲስ ነገር አስመስዬ። አባ፣ ይህ ኪኒን አይቆምም። ቢሻልዎትም ባይሻልዎትም፣ በሕይወት እስካሉ በየቀኑ። በሽታው ተደብቆ ነው የሚቀመጠው፤ ስላልተሰማዎት ሄደ ማለት አይደለም። እስቲ መልሰው ይንገሩኝ፣ እስከ መቼ ነው የሚወስዱት? ደጋግመው ሞክረው፣ አፋቸው እየታገላቸው፣ «እስክሞት» አሉ። አልደነገጡም። ፊታቸውም አልተጨማደደም። እንዲያውም አንድ ሥራ እንደ ተሰጠው ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ያን ቃል ያስቀረሁባቸው አይችሉትም ብዬ ነበር።

የጨውንም ነገር ያኔ ነው የተረዳሁት። ወጡን ያለ ጨው ይበሉ ነበር፤ ቡናቸውን ግን በጨው፣ በቀን ስንት ጊዜ። «ቡና ምግብ ነው እንዴ?» አለች ልጅቱ። ማንም አልጠየቃቸውም ነበር።

በየወሩ ሄጄ እለካቸው ነበር። እጃቸው አልተመለሰም። በግራ እጃቸው መሮ ለመያዝ ሞከሩ፤ ልጅቱ ፈርታ ደበቀችባቸው። ከጥቂት ዓመት በኋላ በሌላ ሕመም አረፉ። ለቅሶ ሄጄ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጥኩ። አንዲት የማላውቃት ሴት «ይቺ ናት በየወሩ ትመጣ የነበረችው» ብላ ለጎረቤቷ ጠቆመችኝ፣ ጎረቤቷም «ገለቶማ» ብላ አመሰገነችኝ። ልጅቱ ሰማች።

አሁን እዚያው ጅማ በአንድ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ከዚያ ወዲህ «ገባዎት?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ቤትዎ ሲገቡ ለልጅዎ ምን ብለው ነው የሚነግሩልኝ? እላለሁ፤ የሚሉትንም ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ወረፋው ያጉረመርማል። አንዳንድ ቀን ሰው ሲያለቅስብኝ የድሮው አንደበቴ ሊመጣብኝ ይታገለኛል። ቶሎ እዋሻለሁ ብዬ ስለምፈራ ቀስ ብዬ ነው የማወራው።

በቅርቡ፣ እኔ ተረኛ በሆንኩበት ቀን፣ የጠራቢው ልጅ ራሷ መጣች። አሁን ሴትዮ ሆናለች፣ ፀጉሯ ጆሮዋ አጠገብ ሸብቷል። ማጅራቷን ይዟታል። ሰላም ተባባልን፣ ስለ ልጆቿ ነገረችኝ። ለካኋት። አሳርፌ እንደገና ለካኋት፤ ከዚያ በኋላም በሁለት ቀጠሮ። የጤና መኮንኑ አይቶ መድኃኒት እንድትጀምር ወሰነ። ላስረዳት ወንበሬን አስጠጋሁና ጀመርኩ። የደም ግፊት ነው፣ ከአባትሽም የመጣ ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒቱ...

እጇን ዘረጋች፤ አስቆመችኝ።

«እህቴ» አለች፣ ያለ ቁጣ፣ «እንዳትቀየሚኝ። ሌላ ሰው ይንገረኝ።»

ተነሥቼ ከወዲያኛው ክፍል ወጣቷን ነርስ ጠራኋት። በሩን ገርበብ አድርጌ ኮሪደሩ ላይ ከሕመምተኞቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። የነርሷ ድምፅ ጥርት ያለ ነው። በኦሮምኛ በየቀኑ አለቻት፣ ዕድሜ ልክ አለቻት፣ ቢሻልሽም አለቻት። ከዚያ የጠራቢው ልጅ ድምፅ መልሶ አንድ በአንድ ሲደግመው ሰማሁ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ወረፋቸው ደርሶ እንደሁ ጠየቁኝ። ገና ነው አልኳቸው።